መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ድንኳኔን የት ልትከላት?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የተረቱ ትርጉም አጥንቴ ድረስ የገባኝ ግን በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከአንድ ሐይቅ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ቆሜ ውኃውን በእሾሃማ ሽቦ ቀዳዳ እያየሁ ነው። ሐይቁ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አንዱ ነው። ስሙን አልጽፍም። ከዚህ በታች የማነሣው ዘበኛ የልጆች አባት ነው፤ በእኔ ብዕር ምክንያት እንጀራው እንዲቋረጥ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴን ልጅና ሁለት ጓደኞቹን ይዤ ወጣሁ። ሦስቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፣ ሃያ ዓመት ገና አልደፈኑም። ድንኳን ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው የለቅሶና የሠርግ ድንኳን ብቻ ነው። አንደኛው «ጋሼ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን ይተከላል እንዴ?» ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆየት ብሎ ግን ነገሩ አንጀቴን በላው። በወንዝና በሐይቅ፣ በተራራና በጫካ የታወቀ አገር ውስጥ ተወልዶ አንዲት ሌሊት እንኳ ከኮከብ በታች ያላደረ ወጣት!

እኔ በእነሱ ዕድሜ አካባቢ፣ በ1985 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከሦስት የሠፈር ጓደኞቼ ጋር እዚያው ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። ድንኳናችን ከመርካቶ የተገዛ አሮጌ ሸራ ነበር። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ኪሎ ስኳር። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ተከልን። «ማን ፈቀደላችሁ?» ያለን የለም። በማግሥቱ አንድ እረኛ ልጅ ወተት አመጣልን፣ እኛም ስኳሩን አካፈልነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሐይቁም፣ ከልጁም፣ ከእኛም ምንም አልጎደለም።

ወደ 2017 ልመለስ። ግራሩ አለ! ያለው ግን አጥር ውስጥ ነው። ሽቦው ከመንገዱ ተነሥቶ ወርዶ፣ ወርዶ… ውኃው ውስጥ ገብቷል። አዎ፣ ውኃው ውስጥ! የመጨረሻዋ ብረት ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማለች፤ ዓሣው ራሱ ሳይከፍል እንዳያልፍ የተፈራ ይመስላል። ዘበኛው ትሕትና አላጎደለም። መግቢያ በነፍስ ወከፍ 300 ብር፣ ድንኳን መትከያ ለአንድ ሌሊት 1,500 ብር፣ ድንኳኑ የራሳችሁ ቢሆንም! ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። «በሶም?» አልኩት። «በሶም ጋሼ፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ደረሰኝ ይሰጣችሁ እንደሆነ ስጠይቀው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

ምን ቸገረን፣ አገሩ ሰፊ ነው ብለን ዳርቻውን ይዘን ሄድን። ሌላ አጥር። አሁንም ሌላ አጥር። ይኸኛው እንኳ ግንባታም የለበት፤ ሽቦና ሣር ብቻ! ታጥሮ የተቀመጠ «ኢንቨስትመንት» መሆኑ ነው። በመጨረሻ በሁለት አጥሮች መካከል የተረፈች ቀጭን ክፍተት አገኘንና ካስማ ልንመታ ስንል ጠመንጃ ያነገተ ሰው ደረሰብን። ደብዳቤ አላችሁ? የምን ደብዳቤ? የፈቃድ ነዋ! ከማን? «ከሚመለከተው አካል።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን «የሚመለከተው አካል» የሚባለውን ፍጡር በዓይንህ አይተኸው ታውቃለህ? እኔ ሃምሳውን ካለፍኩ ሰነበትኩ፤ አንድም ቀን አላገኘሁትም። ቢሮው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ከስብሰባ የሚወጣው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሲከለክል ግን ሁልጊዜም አለ!

ያን ሌሊት ያደርነው አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ ከበረቱ አጠገብ ነው። እሱ በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔ ከዚያ በባሰ ኦሮምኛ ተግባባን። ጠዋት ገንዘብ ብዘረጋለት ተቆጣ፤ እንግዳ ያሳደረ ሰው ይከፈለዋል እንዴ? ከዚያ ስለ ከብቶቹ አጫወተኝ። ድሮ ከበረት ሲወጡ ቁልቁለቱን ቀጥ ብለው ወርደው ነበር የሚጠጡት። አሁን ሦስት አጥር ይዞራሉ። ጠጥተው ቤት ሲደርሱ መልሶ ይጠማቸዋል። ይህን ሲነግረኝ ይስቃል። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኔ የተከለከልኩት የአንድ ሌሊት መዝናኛ ነው፣ የእሱ ከብቶች የተከለከሉት ውኃ ነው። ልዩነቱ አይጠፋኝም። ሁለታችንንም የያዘን ሽቦ ግን አንድ ነው።

እስቲ ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ጎሽ! መሬት ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ እኔ ዛሬ ያን ክርክር አልቀሰቅስም። ጥያቄዬ ትንሽ ናት። «የመንግሥትና የሕዝብ» በሚለው ውስጥ ያቺ «ና» የት ገባች? መንግሥት በድርሻው ሊዝ ፈጽሟል፣ አከራይቷል፣ አጥሯል። የሕዝቡ ድርሻስ? መሬቱም የእኔ፣ ውኃውም የእኔ ከተባለ፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የምታህል ድንኳን ለአንድ ሌሊት የምተክልባት ቦታ የቷ ናት? ወይስ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው?

«አንተ ደግሞ አሜሪካ ከርመህ መጥተህ…» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አዎ፣ ከርሜያለሁ። ከዋሽንግተን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ግርም የሚለኝም ይኸው ነው! አሜሪካ የግል ንብረት የሚመለክበት አገር ነው። በየዛፉ ላይ «የግል መሬት፣ መግባት ክልክል» ተለጥፎ ታያለህ። የሰው ሣር ረግጠህ ብታልፍ ፖሊስ ሊጠራብህ ይችላል። እዚያ አገር ነው እንግዲህ አንድ የታክሲ ባልደረባዬ «ሁለት ሰዓት ነድተህ ከሄድክ በነፃ የምታድርበት ጫካ አለ» ያለኝ። አላመንኩትም። አሜሪካ ውስጥ በነፃ? ፓርኪንግ እንኳ በደቂቃ የሚሸጥበት አገር?

ሄድን። የጆርጅ ዋሽንግተንና የጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች ይባላሉ። ሁለቱ በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው ወደ 720 ሺህ ሄክታር ይጠጋሉ። የተደራጀ ካምፕ ከፈለግህ፣ መጸዳጃና ቧንቧ ያለው፣ ትከፍላለህ። አልፈልግም ካልክ ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸውን የጠጠር መንገዶች ይዘህ ትገባለህ፣ ደህና ቦታ ስታይ ትተክላለህ። ውኃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ክፍያም የለም! በአንድ ቦታ እስከ 14 ቀን መቆየት ይቻላል። ለመኪና የተፈቀዱትን መንገዶች የሚያሳየውን ካርታ የደን አገልግሎቱ ራሱ በነፃ ያድላል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥቁር ድብ አለ ስለተባለ ስንቃችንን ከዛፍ ላይ ሰቅለናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ድቡ አልነበረም። «አሁን አንድ ሰው መጥቶ ‹ማን ፈቀደላችሁ?› ይለናል» እያልኩ ነው ያነጋሁት። በእርግጥም ጠዋት አረንጓዴ መኪና መጣ። የደን ጠባቂ ወረደ። እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ የኪስ ቦርሳዬን አወጣሁ! ሰውዬው ቦርሳዬን አላያትም፤ ያየው ምድጃችንን ነው። «ውኃ አፍስሳችሁበታል? አመዱን በእጃችሁ ነክታችሁ ቀዝቅዟል?» አለን። ነካንለት። ደህና ዋሉ ብሎን ሄደ። መንግሥት ከዜጋው ጋር በጫካ መሐል ሲገናኝ የሚጠይቀው ጥያቄ እንዲህም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህ ደን ከጥንትም የመንግሥት አልነበረም። ተራራው የግለሰቦችና የእንጨት ነጋዴዎች ነበር። ጨፍጭፈው፣ አቃጥለው፣ አራቁተው ሲጨርሱ የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 ዊክስ የተባለውን ሕግ አወጣ። መንግሥት የወንዞች መነሻ የሆኑትን ተራሮች ከግለሰብ እየገዛ ወደ ሕዝብ እንዲመልስ የሚያስችል ሕግ ነው። የዛሬው የጆርጅ ዋሽንግተን ደን የተቋቋመው በዚሁ መንገድ፣ በ1918 ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ ሌላ ነበር። ልብ በሉ! ካፒታሊስቶቹ ከግለሰብ ገዝተው ለሕዝብ አደረጉት። እኛ ደግሞ የሕዝብ የሆነውን…  ልተወው፣ አንባቢ ይጨርሰው።

በመላ አገሪቱ ብሔራዊ ደን የሚባለው ብቻ ወደ 78 ሚሊዮን ሄክታር ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚሉት መሥሪያ ቤት ሥር ደግሞ ወደ 99 ሚሊዮን ሄክታር አለ። ሁለቱ ሲደመሩ ኢትዮጵያን የሚያስከነዳ ስፋት ነው። ከዚያም በአብዛኛው ላይ፣ ክልክል ነው ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ ተራው ሰው ያለ ክፍያ ማደር ይችላል።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም፤ አትሳሳቱብኝ። ያ ምድር መጀመሪያ የተወሰደው ከነባሮቹ ሕዝቦች ነው። ከደኑ ጎን ያለው የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 ሲቋቋም ወደ 500 የሚጠጉ የተራራ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። በሰኔ 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው፣ ግራንትስ ፓስ በተባለች የኦሪገን ከተማ ጉዳይ፣ ቤት የሌለው ሰው በከተማ አደባባይ ብርድ ልብስ ለብሶ ቢያድር ከተማው ሊቀጣው ይችላል ብሎ ፈርዷል። ለደስታው ጫካ የሚያድር 14 ቀን ይፈቀድለታል፣ ቤት አጥቶ መናፈሻ ውስጥ የሚያድር ይቀጣል! ይኼም የዚያው አገር ፍርድ ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። በ2025 አጋማሽ ላይ የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ ከሕዝብ መሬት በሚሊዮን የሚቆጠር ኤከር ይሸጥ የሚል ሐሳብ በበጀት ሕግ ውስጥ ሸጎጠ። ማን ተነሣበት? አካባቢ ጥበቃ ነን የሚሉት ብቻ አይደሉም። አዳኙ ተነሣ፣ ዓሣ አጥማጁ ተነሣ፣ የራሱ ፓርቲ ደጋፊ የሆነው የገጠር ሰው ሳይቀር ተነሣ። በሌላው ጉዳይ ሁሉ የማይስማማ ሕዝብ በዚህ አንድ ሆነ። ሰኔ 28 ቀን 2025 ሴናተሩ ሐሳቡን አነሣ። ለምን ይመስላችኋል? ሰዎቹ እዚያ መሬት ላይ አድረዋል። አባታቸው እዚያ ወንዝ ዳር እሳት መለኮስ አስተምሯቸዋል። መሬቱ የእነሱ መሆኑን ያወቁት ከሕገ መንግሥት አንቀጽ አይደለም፤ ጀርባቸው ያውቀዋል!

እኛስ? ነገ አንድ ደን ቢሸነሸን፣ አንድ የሐይቅ ዳርቻ ሙሉ በሙሉ ቢታጠር፣ የእህቴ ልጅ ምን አጣሁ ብሎ ይጮኻል? አንድ ቀን ያልገባበትን፣ በመኪና መስኮት ያየውን መሬት? ሕዝቡን ከጫካውና ከወንዙ ማራቅ ጫካውን ያለ ጠበቃ ማስቀረት ነው።

እንግሊዝ አገርም የሆነውን ስሙ። ዳርትሙር የሚባል ደጋማ ምድር አለ፤ የመሬቱን ባለቤት ሳያስፈቅድ ድንኳን ተክሎ የማደር መብት በሕግ የተጠበቀበት የእንግሊዝ ምድር እሱ ብቻ ነው። እዚያ 1,600 ሄክታር ያህል መሬት የገዛ አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ ሥራ አስኪያጅ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ከሰሰ። የ1985ቱ የዳርትሙር ሕግ የሚፈቅደው በእግርና በፈረስ መጥቶ መናፈስን ነው፣ መተኛት መናፈስ አይደለም የሚል ክርክር ነው። በጥር 2023 ረታ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ ተሰለፈ። በሐምሌ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ገለበጠው፤ ግንቦት 21 ቀን 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ድንኳን ተክሎ ማደርም መናፈስ ነው ብሎ አጸናው። ያ እንግዲህ መሬቱን በገንዘቡ የገዛ፣ ሰነድ ያለው ባለንብረት ነው! የእኛ ባለሽቦዎች እኮ መሬቱን አልገዙትም። መሬት አይሸጥማ!

አሁን ወደሚነሡብኝ ተቃውሞዎች ልሂድ። የመጀመሪያው «ሕዝባችን ቆሻሻ ነው፣ ቦታውን ሃይላንድ በሃይላንድ ያደርገዋል» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ጠርሙሱን ጥሎ የሚሄድ ሞልቷል። ታዲያ መድኃኒቱ ማስተማርና መቅጣት ነው ወይስ ሐይቁን ማጠር? ደግሞስ በአጥር ውስጥ ካለው መዝናኛ ጀርባ ዞር ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። «ጫካው ይጨፈጨፋል» የሚሉም አሉ። ኧረ በፈጠራችሁ! ጫካችንን ያከሰለው በሶ ይዞ የወጣ ተማሪ ነው?

ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ «አደጋ አለው» የሚለው ነው። ይህን አላቃልለውም። ዛሬ አገራችን ውስጥ ድንኳን ይዞ የሚወጣ ሰው ሥጋቱ ከመንገዱ ይጀምራል፤ ጦርነት ያለበት አካባቢ አለ፣ ሰው የሚታገትበት መንገድ አለ። ማንም ልጁን ወደዚያ ይላክ አልልም። ደኅና በሆነው አካባቢ ግን «ለደኅንነታችሁ ነው» እያሉ ገንዘብ መቀበል ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 2025 ቴክሳስ ውስጥ የጓዳሉፔ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ሲፈጅ፣ ከሞቱት ሕጻናት ብዙዎቹ ገንዘብ ተከፍሎባቸው በታወቀ የልጃገረዶች ካምፕ ውስጥ የተኙ ናቸው። በዚያ ሰሞን ጎርፍ በግዛቲቱ የሞተው ከ130 ሰው በላይ ነው። ክፍያ ከጎርፍ አያድንም! እኛም ጋር በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ፣ ቀን ሰው በእግሩ የሚሻገረው አሸዋማ ወንዝ፣ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል።

ከአደጋ የሚያድነው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱ ደግሞ አባቶቻችን ዘንድ ነበር። ነጋዴው ሲራራ ወንዝ ዳር ሲያድር ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተኛም፤ ሰማዩ ጥርት ቢልም ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ማታ ይደርሳል። ቦታ የሚፈለገው በቀን ብርሃን ነው፤ ከመሸ በኋላ ሁሉም ሜዳ ደህና ይመስላል። ወንዝ ዳር ስትደርስ ቁጥቋጦውን እይ፤ ቅርንጫፉ ላይ ገለባና ጭራሮ ተንጠልጥሎ ካገኘህ ውኃው እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ውጣ። ቀና ብለህ ዛፉንም እይ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ በራስህ ላይ ካንዣበበ ተነሥ። የአውሬ መውረጃ የሆነች የተረገጠች መንገድ ላይ አትትከል፣ አንተ ስትተኛ እሷ ትነቃለች። አዞ ባለበት እንደ አዋሽ ባለ ወንዝ ውኃው አጠገብ መተኛት ጀግንነት አይደለም፣ ጅልነት ነው። ሰው ያረፈበት የድንጋይ ምድጃ ካለ አዲስ ከመቆፈር እሱን ተጠቀም። ከውኃው 60 ሜትር ያህል ራቅ፤ ለአንተም፣ ለውኃውም፣ በሌሊት ሊጠጣ ለሚመጣው እንስሳም ይበጃል። ለመጸዳጃ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍረህ መልሰህ ድፈን። ያመጣኸውን ሃይላንድ መልሰህ ተሸከም። እሳት ከለኮስክ አመዱ እጅህን እስካያቃጥል አትነሣ። ይህን ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ለምን ትምህርት ቤት አይሰጥም?

በነገራችን ላይ፣ ድንኳን ለእኛ ባዕድ ነገር ነው ያለው ማን ነው? «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የንጉሥ ጦር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር እኮ! አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ወርዶ ፍልውሃ ዳር ከሰፈረ ድንኳን ነው። ዛሬ የዚያችው ከተማ ልጅ ድንኳን ቢተክል ደብዳቤ ይጠየቃል።

ብሔራዊ ፓርኮቻችንን አልነካሁም፣ ልብ ይባልልኝ። ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የሚባሉ የድንኳን ሥፍራዎች አሉ፤ ከፍለህ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተከትሎህ ታድራለህ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ያለበት ምድር ስለሆነ አልቃወምም። ሎጅም አልቃወምም። በ«ገበታ ለአገር» ወንጪና ጎርጎራ ላይ የተሠራውን የሚወድ ይግባበት፣ ገንዘቡ ይባረክለት። የምለው፦ በየሐይቁ፣ በየትልልቁ ደን ጫፍ፣ ማንም የማያጥራት አንዲት ቁራጭ ዳርቻ ትለይ። የአካባቢው ገበሬ ተጠይቆ፣ የከብቱ መውረጃ ተጠብቆለት፣ ወተትና ማገዶ ቢሸጥ የሚጠቀመው እሱ ሆኖ። ለሁለት ለሦስት ሌሊት፣ ስም አስመዝግቦ፣ በነፃ። ውኃው ውስጥ የገባው ሽቦ ደግሞ ይነቀል! ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ሰዎች ካልሠሩ የሚሆን ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ከእኔ ይልቅ ተስፋ አለው። ከዚያ ጉዞ በኋላ «አጎቴ፣ ደብዳቤ ከፈለጉ እንጻፋላ!» ብሎ ማመልከቻ አዘጋጀ። አድራሻውን «ለሚመለከተው አካል» አለው። ሦስት መሥሪያ ቤት ዞረ። አንደኛው የእኛ አይደለም፣ ሂድ ወደ ሁለተኛው አለው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ነው የሚመለከተው አለ። ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ ተቀብላ መዝገብ ላይ አሰፈረችለት፣ ማኅተምም መታችበት። ልጁ በደስታ ሊወጣ ሲል ጠራችውና አንድ ያልተሞላ ቦታ አለ አለችው፦

«ግንባታው ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ?»